የሚጫን ፎቶና ታምብኔይል፦ ዋናው ፋይል ይቀመጥ ወይስ ይጣል?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጎንደር ውስጥ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸውን የሚያሳዩበት ድረ ገጽ እሠራለሁ። የፒያሳ፣ የአራዳና የቅዳሜ ገበያ ሱቆች አሉበት፤ ቤታቸው ተቀምጠው ጥልፍ የሚጠልፉ እናቶችም አሉበት። ፎቶውን የሚያነሱት ራሳቸው፣ በየስልካቸው ነው።

አንድ የስልክ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ገጽ ላይ 40 ቀሚስ ተደርድሯል እንበል። ዋናዎቹን ፎቶዎች እንዳሉ ብንለጥፋቸው ገዢው ገጹን ለመክፈት ብቻ 160 ሜጋባይት ሊያወርድ ነው። 320 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ስፋት ያለው ታምብኔይል፣ ማለትም ለዝርዝር የሚሆን ትንሽ ቅጂ፣ ግን ከ20 እስከ 30 ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ አርባውም ተደምሮ አንድ ሜጋባይት ገደማ። ስለዚህ ታምብኔይል ያስፈልጋል ወይ ብዬ አልጠይቃችሁም።

አቋሜ ይህ ነው፦ የተጫነው ፋይል እንደመጣ፣ አንድ ባይት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ትንሹም፣ መካከለኛውም፣ ትልቁም ቅጂ ከእሱ ይሠራ፤ በእሱ ላይ ግን ማንም አይጻፍበት። ፎቶውን ተቀብሎ አሳንሶ ዋናውን የሚጥል ገጽ ብዙ አያለሁ። በፊት 150 ፒክስል በቂ ነው ተብሎ የተሠራው ምስል ዛሬ ፒክስሉ በተቀራረበ ስክሪን ላይ ደብዝዞ ይታያል። እንደገና እንሥራው ቢባል ከየት ይመጣል? ቀሚሱ ተሽጧል፣ ለባሿ ይዛው ሄዳለች፣ ነጋዴዋም ስልክ ቀይራለች።

የምጠይቃችሁ፦ ታምብኔይሉን ልክ ሲጫን ልሥራው ወይስ መጀመሪያ ሲጠየቅ? ዋናውን ሳስቀምጥስ ምን አደጋ አብሬ አስቀምጣለሁ?

(የውይይቱ ክር ረዝሞ አዲስ ለሚገባ ሰው ስላስቸገረ፣ የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።)

መልሶቹ

ቁጥር 1 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ለመመረቂያ ሥራው እሱም ፎቶ የሚጫንበት ገጽ እየሠራ መሆኑን ነገረን፤ በምን ቋንቋ እንደምሠራና ሰርቨሬ ምን አቅም እንዳለው ጠየቀ። በቁጥር 2 መለስኩለት፦ ፒኤችፒ፣ ምስል ለማሳነስ አብሮት የሚመጣው ጂዲ የሚባል ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ)፣ አንድ ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው የኪራይ ሰርቨር።

ቁጥር 3 ማንም ያልጠየቀውን ነገር አነሳች፣ ደግ አደረገች። ቀጥ ተደርጎ በተያዘ ስልክ የተነሳ ፎቶ ታምብኔይሉ ላይ ለምን ተጋድሞ እንደሚወጣ አስረዳች። ብዙዎቹ ስልኮች ምስሉን የሚጽፉት የካሜራው ዳሳሽ እንዳነበበው በጎኑ ነው፤ ወዴት መዞር እንዳለበት ኤግዚፍ በሚባለው የፋይሉ መረጃ ውስጥ በአንዲት ቁጥር ይመዘግባሉ። ብራውዘሩ ያቺን ቁጥር አንብቦ ምስሉን ያቀናዋል። ጂዲ ግን አያነባትም፤ ፎቶውን ከፍቶ አሳንሶ አዲስ ጄፔግ (የታመቀ የፎቶ ፋይል) ሲያወጣ ቁጥሯ ትጠፋለች፣ ምስሉም እንደተጋደመ ይቀራል። ነጋዴዋ ፎቶዋን በስልኳ ስታይ ቀጥ ብሎ፣ በገጹ ላይ ስታይ ተኝቶ ታገኘዋለች፤ ጥፋቱም የራሷ ይመስላታል። መፍትሔዋ፦ ከማሳነስ በፊት ቁጥሯን ማንበብ። 6 ከሆነች 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ 8 ከሆነች 90 ወደ ግራ፣ 3 ከሆነች ላዩን ወደ ታች።

ቁጥር 4 እህቴ ብሎ ጀምሮ በትሕትና አረማት። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 8 ናቸው፤ 2፣ 4፣ 5 እና 7 ምስሉ በመስታወት እንደታየ መገልበጡን ስለሚናገሩ እነሱም መታሰብ አለባቸው አለ። ፒኤችፒ ውስጥ ያለው ማዞሪያ የሚያዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ በመሆኑ 6 ላይ 90 ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀሚሱን ዘቅዝቆ እንደሚያቆመው አስጠነቀቀ፤ መስጠት ያለበት 270 ነው። ሌላም ጨመረ። ምስሉን አዙረው ኤግዚፉንም አብረው የሚያስቀምጡ ላይብረሪዎች አሉ፤ ቁጥሯን ወደ 1 ካልመለሷት ብራውዘሩ ሁለተኛ ያዞረዋል። በፓይተን ቋንቋ ለሚሠሩ ፒሎው የሚባለው ላይብረሪ ስምንቱንም የሚያስተናግድ ተግባር አለው፤ በኖድ ለሚሠሩም ሻርፕ የሚባለው ላይብረሪ በአንድ ትዕዛዝ ይጨርሰዋል።

ቁጥር 5 ስለ ሜሞሪ ነው፤ ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል ለጀማሪ የምመርጥለት ይህንን ነው። የፋይሉ ክብደት የሚያታልል ነገር መሆኑን በቁጥር አሳየ። 4 ሜጋባይት የሆነ ጄፔግ የታመቀ ነው፤ ሰርቨሩ ሊያሳንሰው ሲከፍተው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ ስለዚህ 48 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል። ካዞሩት ሁለተኛ ሙሉ ቅጂ ይፈጠራል፣ 96 ሚሊዮን ደረሰ። የፒኤችፒ የሜሞሪ ገደብ ካልነኩት 128 ሜጋባይት ነው፤ 8000 በ6000 የሚያነሳ ስልክ የያዘ ነጋዴ ሲመጣ አንዱ ፎቶ ብቻ 192 ሚሊዮን ባይት ይጠይቅና ሥራው መሐል ላይ ይቆማል። ገደቡን ከፍ ማድረግ ብቻውን አያድንም፤ አምስት ነጋዴ በአንድ ጊዜ ቢጭን አንድ ጊጋባይቱ ያልቃል። ምክሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምስሉን ከመክፈት በፊት ስፋቱንና ቁመቱን ከፋይሉ ራስጌ (ከመግቢያ ክፍሉ) አንብቦ ከአቅም በላይ የሆነውን መመለስ፤ ይህ ማንበብ እዚህ ግባ የሚባል ሜሞሪ አይበላም። ሁለተኛ፣ በቅድሚያ ማሳነስ፣ ከዚያ ማዞር። 320 ፒክስል የሆነን ምስል ማዞር ለሰርቨሩ ምንም አይደለም፤ ስፋትና ቁመቱን አስቀድሞ ማቀያየር መርሳት ብቻ ነው ጉዳቱ። ሆን ብሎ ሰርቨር ለመግደል የሚሠራ ፋይል እንዳለም አስታወሰ፦ ክብደቱ ጥቂት ኪሎባይት፣ ሲከፈት ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፒክስል። ፒሎው ወደ 89 ሚሊዮን ፒክስል ሲደርስ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው፣ እጥፉን ሲያልፍ አልከፍትም የሚለው ለዚሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ቁጥር 6 ችግሩ ሁሉ ፒኤችፒ ነው፣ በዚህ ዘመን በጂዲ ፎቶ የሚያሳንስ ሰው ጊዜውን እየጣለ ነው፣ ሁሉን ትቶ ወደ ኖድና ሻርፕ ይግባ ሲል ጻፈ። ቁጥር 7 ደግሞ ምክር የተጠየቀው ሰው እንዲረዳ እንጂ እንዲሰድብ አይደለም ብሎ ተቆጣ፤ ቤት ያለውን ሰው ቤትህን አፍርስ ማለት መልስ እንዳልሆነ ነገረው። ሁለቱም ቀጥለው ቢሆን ክሩ እዚያው ይበላሽ ነበር።

ያዳነን ቁጥር 8 ነው። ልዩነቱ ከቋንቋው ሳይሆን ከሥር ካለው ላይብረሪ እንደሚመጣ አስረዳ። ጄፔግ ምስሉን በ8 በ8 ፒክስል ክፍሎች ከፋፍሎ ስለሚያምቅ፣ የሚፈታው ላይብረሪ ገና ሲፈታው በግማሽ፣ በሩብ ወይም በስምንተኛ አሳንሶ ማውጣት ይችላል። 8000 በ6000 የሆነው ፎቶ በስምንተኛ ሲፈታ 1000 በ750 ሆኖ ይወጣል፤ 192 ሚሊዮን ባይት የነበረው ወደ 3 ሚሊዮን ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ 320 ማውረድ ቀላል ነው። ሻርፕ የተሠራበት ሊብቪፕስ ይህን ያደርጋል፣ የፒሎው የታምብኔይል ተግባርም ያደርጋል፣ ጂዲ ግን ይህን በር አይሰጥም። ፒኤችፒን ሳይለቁ ሊብቪፕስን ከውጭ በትዕዛዝ መጥራት እንደሚቻልም ጻፈ። ቁጥር 6 ተመልሶ፣ ቃሉ ከርሮ ከሆነ ይቅርታ እንደሚጠይቅና ሊል የፈለገው ይህንኑ እንደነበር ገለጸ። ሰው እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል።

መቼ ይሠራ ለሚለው ጥያቄዬ ቁጥር 9 ከልምዱ ነገረን። ወደ ደባርቅና ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚሄዱ እንግዶች ማረፊያ የሚያስመዘግብ ገጽ ሠርቷል። ፎቶ ሲጫን አምስት መጠን እዚያው ይሠራ ነበር፤ ባለ ማረፊያው አዝራሩን ተጭኖ ይጠብቃል፣ ምንም የመጣ ስለማይመስለው ደግሞ ይጫናል፣ አንድ ክፍል ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ኋላ ላይ ዋናውን ተቀብሎ ወዲያው ተቀብያለሁ የሚል መልስ መስጠት፣ ማሳነሱን ደግሞ በወረፋ ከጀርባ ለሚሠራ ሌላ ፕሮግራም መተው ጀመረ። ታምብኔይሉ እስኪደርስ ባለቤቱ የሚያየው ብራውዘሩ ከራሱ ስልክ የሚያሳየውን ፎቶ ነው፤ መዘግየቱ አይታወቀውም።

ቁጥር 10 በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ መጀመሪያ ሲጠየቅ ሠርቶ ማስቀመጥን ይመርጣል። ማንም የማያየው ምስል አይሠራም፣ መጠን ሲቀየርም አሮጌዎቹን መሰረዝ ብቻ ነው። ነገር ግን ወጥመዶቹን አልደበቀም። ስፋቱ በአድራሻው ላይ የሚጻፍ ከሆነ አንድ ተንኮለኛ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ ሺህ ቢጠይቅ ዲስኩ ይሞላል፤ ስለዚህ የተፈቀዱ መጠኖች ጥቂትና የታወቁ ይሁኑ፣ ሌላው ይመለስ። ሁለት ሰው አንዱን ምስል በአንድ ቅጽበት ቢጠይቅ ደግሞ አንደኛው በግማሽ የተጻፈ ፋይል ያገኛል፤ ስለዚህ በጊዜያዊ ስም ጽፎ፣ ሲያልቅ እዚያው ዲስክ ላይ ወደ ትክክለኛው ስም መቀየር። ስም መቀየሩ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ስለሆነ ግማሽ ፋይል ማንም አያይም። እኔ ሁለቱን አጣምሬያለሁ፦ የዝርዝሩ ታምብኔይል በወረፋ፣ ሌላው ሲጠየቅ።

ቁጥር 11 በደኅንነት ሥራ ላይ ያለች ባለሙያ ናት፣ ጽሑፏም ከሁሉ ረጅሙ ነው። የፋይሉን ዓይነት ከስሙ ቅጥያ ወይም ብራውዘሩ ከሚለው መቀበል በሩን ከፍቶ መተኛት ነው፤ ሁለቱንም የሚጽፈው ላኪው ነውና። የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ማየት ይሻላል፦ ጄፔግ በ255፣ 216፣ 255 ይጀምራል፤ ፒኤንጂ በ137፣ 80፣ 78፣ 71። ይህም ብቻውን አይበቃም አለች፤ ትክክለኛ ጄፔግ ሆኖ ማስታወሻ በሚጻፍበት መስኩ ውስጥ የፒኤችፒ ኮድ የተሸሸገበት ፋይል መሥራት ቀላል ነው። ስለዚህ የተጫነው ነገር ከድረ ገጹ ክፍት ፎልደር ውጭ ይቀመጥ፤ ላኪው የሰጠው ስም ይጣልና በዘፈቀደ የተፈጠረ ስም ይሰጠው፤ በዚያ ፎልደር ውስጥ ምንም ኮድ እንዳይሠራ ይከልከል። ለሕዝብ የሚታየው ሁሉ ተከፍቶ እንደገና የተጻፈ ቅጂ ይሁን። ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ፋይል ጨርሶ አትቀበሉ አለች፤ ውስጡ ጽሑፍ ስለሆነ ስክሪፕት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢሜጅማጂክ በተባለው የምስል ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ላይ የተገኘውን ኢሜጅትራጂክ የተባለውን ቀዳዳም አነሳች፦ ምስል መስሎ የተሠራ ፋይል ሰርቨሩ ላይ የፈለገውን ትዕዛዝ ያስፈጽም ነበር። ላይብረሪዎችን ማደስን ለነገ አትበሉ ማለቷ ነው።

ቁጥር 12 ይህን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። ዋናው ፋይል እንዲህ አደገኛ ከሆነ ጠብቆ ማቆየት ምን ይሉታል፣ አሳንሰህ ዋናውን ጣል አለኝ። በቁጥር 13 የመለስኩለት፦ ዋናውን አስቀምጣለሁ ስል ለሰው አሳያለሁ ማለቴ አይደለም። በተዘጋ ፎልደር ይቀመጣል፣ የሚያነበው ታምብኔይል ሠሪው ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ወደ ብራውዘር የሚሄድበት አድራሻ የለውም።

ቁጥር 14 ግን አላለቀም አለች። በጣም የተቆጣ መልስ ነው፣ ተገቢም ነው። ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ኤግዚፉ ውስጥ ፎቶው የተነሳበት ቦታ በኬንትሮስና በኬክሮስ ተጽፎ ይገኛል። ጥልፍ የሚጠልፉት እናቶች ቀሚሱን የሚያነሱት ሳሎናቸው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ፋይል ውስጥ ያለው አድራሻ የቤታቸው ነው። ስልኩ ይህን እንደሚጽፍ አያውቁም፤ ማንም አልነገራቸውም። እኛ ባለሙያ ነን የምንል ሰዎች ስለ ፒክስል ስንከራከር አንድ ሰው እንኳ ይህን ሳያነሳ አሥራ ሦስት መልስ ማለፉ አሳዝኗታል። ፎልደሩ ዛሬ ዝግ ነው፤ ነገ መጠባበቂያ ቅጂው ሲሰረቅ ወይም ሌላ ሰው ሥራውን ሲረከብስ? ሲል ጥያቄዋ ያበቃል።

ይህ መልስ ክሩን ለሁለት ከፈለው። ቁጥር 15 ነገሩን ማጋነን ነው ብሎ ስላቃለለው ብዙ ሰው ወረደበት። ቁጥር 16 መሐል ገብቶ ጠቃሚ እርማት ሰጠ፦ ብዙዎቹ ነጋዴዎች ፎቶውን በቴሌግራም ተቀባብለው ነው የሚጭኑት። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ያሳንሰዋል፣ ኤግዚፉንም ያስወግዳል፤ እንደ ፋይል የተላከውን ግን እንዳለ ያደርሳል። ስለዚህ ዋናው ብዬ የምጠራው ግማሹ ገና ከመምጣቱ በፊት ያነሰ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ቤቱን ይዞ ይመጣል። ቁጥር 17 መካከለኛ መንገድ አሳየ፦ የፒክስሉን መረጃ ሳይፈቱና ሳይጽፉ ቦታውን የያዘውን የኤግዚፍ ክፍል ብቻ መቁረጥ ይቻላል። የምስሉ ጥራት አይነካም፣ የአቅጣጫዋም ቁጥር ትቀራለች። አንድ ባይት አይነካ ያልኩት ለምስሉ ነው፤ የእናቶቹን ቤት አድራሻ ለማቆየት አልነበረምና ይህን ወዲያው ተቀበልኩ።

ቁጥር 18 ፒያሳ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ፎቶ ቤት የነበራቸው አባት ናቸው። ሁሉም አንቱ እያሉ ነው የመለሱላቸው። ስለ ኮድ እንደማያውቁ ተናግረው፣ እሳቸው ግን ኔጋቲቭ ጥለው እንደማያውቁ ጻፉ። ደንበኛው የሚወስደው የታተመውን ነው፣ ኔጋቲቩ በፖስታ ሆኖ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ አባቱ የሞተበት ልጅ መጥቶ ተለቅ አድርገው ያትሙልኝ ሲል ያ ሣጥን ይከፈታል። አቋሜን ከእኔ ይልቅ እሳቸው አስረዱት።

ከዚያማ ወሬው ወደ ጥምቀት ሄደ። ቁጥር 19 እና 20 ጥር 10 በከተራ ታቦቱ ሲወርድና ጥር 11 በፋሲለደስ መዋኛ ውኃው ሲባረክ የት ቆሞ ማንሳት እንደሚሻል ጠየቁ። አባታችንም ቦታውን ትተው ስለ ብርሃን ነገሯቸው። ሕዝቡ ነጭ ለብሷል፤ ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፣ ነጠላውም አመድ መስሎ ይወጣል። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ቁጥር 21 ይህን ሲያነብ ወደ ርዕሱ መለሰን፦ የነጋዴዎቹ ነጭ ቀሚስ በታምብኔይሉ ላይ ግራጫ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰርቨሩ ላይ በኮድ እናንጣው ወይ? እኔ አልስማማም። አንዳንዱ ሸማ በእርግጥም ክሬም ነው፤ ኮዱ ሁሉን እኩል ካነጣ ገዢዋ ያላየችው ቀለም ይደርሳታል። ነጋዴዎቹ ስልኩ ላይ ቀሚሱን ነክተው ብርሃኑን ከፍ እንዲያደርጉ ማስተማር ይሻላል።

ቁጥር 22 ራሷ ነጋዴ ናት፣ ኮድ አትጽፍም፤ ለእኔ ከሁሉ የከበደው የእሷ ቅሬታ ነው። ገጹ ታምብኔይሉን ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ለማድረግ መሐሉን ብቻ ቆርጦ ያስቀራል፤ ቀሚስ ግን ረጅም ነው። ጥለቱ ያለው ከታች ጠርዙ ላይ፣ ጥበቡ ደረቱ ላይ ነው፤ ተቆርጦ የሚታየው ባዶ ነጩ ወገብ ነው። ገዢ የሚመርጠው በጥለቱ ነው፣ ታዲያ ምኑን አይቶ ይግባ? ትላለች። ቁጥር 23 መሐል መቁረጥን ትቶ ሙሉውን በሳጥኑ ውስጥ ማስገባትን፣ የሚተርፈውንም ጎን በገጹ ቀለም መሙላትን መከረ። ቁጥር 24 ስለ ጥለቱ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ጂዲ ሁለት ማሳነሻ አለው፤ አንደኛው ፒክስል እየዘለለ ስለሚወስድ ደቃቁ የጥበብ መስመር ይቆራረጣል፣ የሌለ ሞገድም ያሳያል፤ ሁለተኛው በዙሪያው ያሉትን ፒክስሎች አማካይ ስለሚያሰላ የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ቀለሙን ብዙ ጊዜ በአግድምም በቁመትም በግማሽ ዝርዝር ነው የሚያስቀምጠው። በነጭ ሸማ ላይ ያለ ቀጭን ቀይ ክር በዚህ ይፈዛል፤ ፒሎውን ለሚጠቀም የቀለም ቅነሳውን ማጥፋት ይቻላል። ታምብኔይሉ ጥቂት ኪሎባይት ይጨምራል፤ ለጥለት ሲባል ግን ይገባዋል።

ቁጥር 25 የወጪ ነገር አነሳ፣ ቃሉም ሻካራ ነበር። 30 ሺህ ፎቶ በ4 ሜጋባይት 120 ጊጋባይት ነው፤ መጠባበቂያው ሲጨመር እጥፍ። በሰው ገንዘብ መርህ ማስተማር ቀላል ነው አለኝ። ረጅሙ ጎን 2560 ፒክስል፣ ጥራቱ 85 ሆኖ ቢቀመጥ ለድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው፣ ያም ዋና ይባል። ቁጥር 26 ግን ከእሱ የበለጠ ከባድ መከራከሪያ አመጣ፦ ዲስኩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ 4 ሜጋባይቱን የምትልክበትን ዳታ ግን የምትከፍለው ነጋዴዋ ናት። ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቋረጥ ከመጀመሪያ ትጀምራለች፣ ሁለት ጊዜ ትከፍላለች። ብራውዘሩ ውስጥ በካንቫስ (ብራውዘሩ ምስል በሚስልበት ቦታ) አሳንሶ መላክ ይቻላል፤ ክብደቱ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፣ ኤግዚፉም አብሮ ስለሚቀር የቁጥር 14 ስጋት እዚያው ያልቃል። በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። የደረስኩበት፦ ያነሰው ቅጂ ወዲያው ይሂድ፣ ቀሚሱም ይለጠፍ፤ ዋናው ዋይፋይ ሲገኝ በኋላ በቁርጥራጭ፣ ከተቋረጠበት እየቀጠለ ይላክ፤ ነጋዴዋ ካልፈለገች ጭራሽ አይላክ። ለቁጥር 25 ግን 2560ውን የምቀበለው ዋናውን ላለመላክ ለመረጠ ሰው ብቻ ነው።

ቁጥር 27 የመጀመሪያው ተማሪ ነው፣ ተቸግሮ ተመለሰ። ትልቅ ፎቶ ሲጭን ፎርሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ ባዶ ሆኖ ይደርሰዋል። ቁጥር 28 በአጭሩ መለሰለት፦ ሦስት በር አለ። ኤንጂንኤክስ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ካልነኩት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያስገባም፤ ፒኤችፒ ለአንድ ፋይል 2፣ ለጠቅላላው ጥያቄ 8 ሜጋባይት ነው የሚፈቅደው። የመጨረሻው ሲታለፍ ፒኤችፒ ፎርሙን ባዶ አድርጎ ነው የሚሰጠው፤ ሦስቱንም አብሮ ከፍ ማድረግ ነው። ቁጥር 29 በአማርኛ ስለሚሰየሙ ፋይሎች ጠየቀ፦ የፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ሥርዓት) 3 ባይት ነው፣ በሊኑክስ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ ከ85 ሆሄ በላይ አይገባም። ቁጥር 11 ባለችው መንገድ ለሄደ ይህ አያሳስብም፤ ነጋዴዋ የሰጠችው ስም ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው። ቁጥር 30 ከአይፎን የሚመጣው ኤችኢአይሲ የሚባለው የፎቶ ፋይል በጂዲ እንደማይከፈት አስታወሰ፤ እስኪስተካከል ድረስ ምክንያቱን በግልጽ አማርኛ ነግሮ መመለስ ነው።

በመጨረሻ ቁጥር 14 ተመለሰች። ቦታውን መቁረጤን አመስግና፣ አንድ ነገር ቀርቷል አለች፦ ዋናው ፋይል መቀመጡን ባለቤቶቹ ያውቃሉ ወይ? ካላወቁ እንዲያውቁ፣ ሲፈልጉም እንዲያስጠፉ መብት ይሰጣቸው። ሲጠፋም ከመጠባበቂያውና ከታምብኔይሎቹ ጭምር ይሁን። ቁጥር 11 ይህን ለባለቤቶቹ የሚነግረውን ማስታወቂያ አብራን ለመጻፍ ፈቃደኛ ሆነች፣ ቁጥር 22 ደግሞ ለአራዳ ነጋዴዎች አንብባ የማይገባውን ቃል ልታወጣልን ቃል ገባች። ረቂቁን ዛሬ ማታ ከዚህ ሥር እለጥፈዋለሁ፤ ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ የሚቀርብበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ ከአሁኑ ይጻፍልኝ።